ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን ወጪ አለብሽ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን አንድ ላይ አመጣኋቸው። ጉዳያቸው ይቀራረባል። ሦስቱን የጻፉት አዲስ አበባ ውስጥ ሳያገቡ የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ አራተኛውን የጻፉት እናት ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ማንነት የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ። ሥራ ካገኘሁ ጀምሮ የምኖረው ኮልፌ አክስቴ ቤት ነው። የግል ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እጄ ላይ የሚደርሰኝ 16 ሺህ ብር ነው። አክስቴን እወዳታለሁ። ግን የምተኛው ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው፣ ከሥራ ስገባ ወጥ መሥራቱ የኔ ነው፣ ቅዳሜ የቤቱን ልብስ ማጠቡም የኔ ነው፣ ትንሽ ካመሸሁ ደግሞ ደሴ ለእናቴ ትደውላለች። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ በ9 ሺህ ብር አግኝቻለሁ። ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ይከፈላል አለኝ። ለአክስቴ ስነግራት «ሴት ልጅ ከዘመድ ቤት የምትወጣው ወደ ባሏ ቤት ነው» ብላ አለቀሰች። እናቴም ተቆጣች። ልውጣ ወይስ ልታገስ?

መልስ፦ ውጪ፣ እህቴ። ግን በዚህ ዋጋ አይደለም፤ የስድስት ወር ከፍለሽም አይደለም።

ከገንዘቡ ልጀምር። ከ16 ሺህ ላይ 9 ሺህ ለኪራይ ከሄደ 7 ሺህ ይቀርሻል። ታክሲ አለ፣ ምሳ አለ፣ አስቤዛ አለ፣ መብራትና ውሃ አለ፣ ለእናትሽ የምትልኪው አለ። ወሩ ሳይጋመስ እጅሽ ባዶ ይሆናል። ከዘመድ ቤት ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ብድር ፍለጋ የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዘመድ የሚናገረውን ቁጭ ብሎ መስማት ከባድ ነው። እኔ ብሆን ኪራይ ከደመወዜ ሲሶውን እንዲያልፍ አልፈቅድም። ላንቺ ይሄ ከ5 ሺህ ትንሽ ከፍ ይላል። በዚህ ብር ለብቻሽ ስቱዲዮ ማግኘት ይከብድሻል፤ ከምታምኛት ጓደኛ ጋር ግን ለሁለት ልትይዙ ትችላላችሁ። ያሰብሽው ለብቻ መኖር ለጊዜው ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። ግማሹም ብዙ ነው። የራስሽ አልጋ ይኖርሻል፣ የራስሽ ቁልፍ ይኖርሻል፣ ደክሞሽ ስትገቢም የስድስት ሰው ወጥ አይጠብቅሽም።

ወደ ቅድሚያው ልምጣ። ደላላው የስድስት ወር ያለሽ ስላላወቅሽ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ በቅድሚያ መቀበል አይችልም ይላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም አከራዩ ደስ ባለው ወር የሚያመጣው ነገር አይደለም፤ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን። ይሄን ስታነሺ ፊቱን የሚያጠቁር አከራይ ይኖራል፤ «እንግዲህ ሌላ ፈልጊ» የሚልም ይኖራል። ሌላ ፈልጊ። ዛሬ ውል መጻፍ የከበደው ሰው ነገ «ለልጄ ፈልጌዋለሁ፣ ልቀቂ» ሲልሽ የምታሳዪው ወረቀት የለሽም።

ቤቱን ስታዪ ቀን ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከታክሲ መውረጃው እስከ ብሎኩ ድረስ በእግርሽ ሂጂ። መንገዱ መብራት አለው? ክፍት ሱቅ አለ? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን አትጠይቂ፤ ደረጃው ላይ ጀሪካን ይዛ የምትወጣውን ጎረቤት ጠይቂያት፣ እሷ እውነቱን ትነግርሻለች። የገባሽ ቀን ደግሞ አከራዩን አስፈቅደሽ የበሩን ቁልፍ አስቀይሪ፤ ካንቺ በፊት የነበረው ተከራይ ስንት ቅጂ እንዳስቀረጸ ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ አክስትሽ። ሻንጣሽን ይዘሽ ሹልክ ብለሽ እንዳትወጪ። በቴክስትም እንዳትነግሪያት። እሷ የምታከብረው አንድ ዘመድ፣ አጎትም ይሁን የንስሐ አባት፣ አብሮሽ እንዲቀመጥ አድርጊ። ስላሳደረችሽ፣ ስላበላችሽ አመስግኛት፤ ይሄ ለይስሙላ የሚባል አይደለም፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው ቤቱን ከፍቶ አንድ ሰው መጨመር ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከዚያ የምትወጪበትን ቀንና የምትሄጂበትን ቤት ንገሪያት። ፈቃድ አትጠይቂ፤ አስታውቂ። ቤቱንም ወስደሽ አሳያት፣ ጓደኛሽን አስተዋውቂያት፣ አብሮሽ የሚኖረው ማን እንደሆነ በዓይኗ ትይ። እሑድ እሑድ ለቡና ሂጂ። ወጥ ሠሪዋን ስላጣች የሚከፋት ከሆነ፣ ሊከፋት ይችላል፣ ያ ያንቺ ጥፋት አይደለም።

ልታገስ ወይ ብለሽኛል። እስከ መቼ? እነሱ እንደሚሉት እስክታገቢ ነው። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው። የ27 ዓመት ሴት ሠርታ፣ ግብር ከፍላ፣ ቤተሰብ እየረዳች ኑሮዋ ገና እንዳልተጀመረ ይቆጠራል። ያንቺ ኑሮ ተጀምሯል። ባል ቢመጣ ኑሮሽ ውስጥ ይገባል፤ ባይመጣም ኑሮሽ አለ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳላልፍ። ክረምት ላይ ብርዱ ሲጠና ከሰል አያይዘሽ፣ በርና መስኮት ዘግተሽ እንዳትተኚ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ እያለሽ ነው የሚገድልሽ። ከዘመድ ቤት የወጣ ሰው «ከሰሉን አውጪው» የሚለው የለውምና ይሄን ራስሽ ያዢው። ትርፍ ቁልፍ ደግሞ ለአንዲት ጎረቤት ስጪ። ሌሊት ቢያምሽ በሩን የሚከፍት ሰው ያስፈልግሻል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ ስልክሽ ላይ መዝግቢው።

ጥያቄ፦ 31 ዓመቴ ነው፣ ነርስ ነኝ። ሳሪስ አካባቢ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አከራዬ ትልቅ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። የግቢውን በር ማታ 3 ሰዓት ላይ ይቆልፋሉ። እኔ ደግሞ በፈረቃ ነው የምሠራው፤ አንዳንድ ቀን ከዚያ በኋላ ነው የምደርሰው። አንኳኩቼ ሲከፍቱልኝ በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አኩርፈው ይውላሉ። ምጣድ አትጠቀሚ ብለውኛል። ባለፈው ወንድሜ ከሐዋሳ ለሕክምና መጥቶ አንድ ሌሊት ሲያድር «ወንድ አላሳድርም ብዬሻለሁ» ብለው ግቢው ሁሉ እየሰማ ጮኹብኝ። አፍሬ መግቢያ አጣሁ። መብታቸው ነው?

መልስ፦ ለየብቻ ልየው፤ አንድ ላይ ከሆነ ሁሉም እንደ በደል ይታይሻል።

የምጣዱ ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ምጣድ ብዙ ይበላል፤ እሳቸውም ወር ሲደርስ ቢሉን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። ወይ ጨምረሽ እንደምትከፍይ ተስማሚ፣ ወይ እንጀራሽን ከሱቅ ግዢ። ይሄ የሚያጣላ አይደለም።

የበሩ ነገር የጸጥታ ጉዳይ ነው፤ ትልቅ ሴት ሌሊት ተነስተው በር መክፈት ሊከብዳቸው ይችላል፣ ሌባም ሊፈሩ ይችላሉ። የፈረቃ ፕሮግራምሽን ጽፈሽ ስጫቸው። በየወሩ። የምታመሺባቸውን ቀኖች አስምሪባቸው። ከዚያ የግቢውን በር ቁልፍ ቅጂ ጠይቂያቸው፤ ገብቼ ራሴ እቆልፋለሁ በያቸው። አብዛኛው አከራይ ልጅቷ የት እንደምትውል ሲያውቅ ይለሰልሳል። ስታመሺ ደግሞ የመሥሪያ ቤትሽ ሰርቪስ ከሌለ በስልክ የምትጠሪውን መኪና ተጠቀሚ፤ ከመግባትሽ በፊት ታርጋውን አዪ፣ ስልኩ ላይ ከሚታየው ጋር አመሳክሪ፣ ጉዞሽንም ለአንድ ሰው ላኪ።

የወንድምሽ ነገር ግን ሌላ ነው። ለታመመ ወንድም አንድ ሌሊት ማሳደር ነውር አይደለም። ባገራችን እንግዳ ማሳደር ወግ ነው፤ ያገባች ተከራይ ወንድሟን ብታሳድር እንዲያ ይጮኹባት ነበር ብዬ አላምንም። የጮኹት ስላላገባሽ ነው። ይሄን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ ንገሪያቸው። ሌላ ሰው በሌለበት፣ ቡና አፍልተሽ፣ «እትዬ፣ የዚያን ቀን ሰው ፊት ያዋረዱኝ አሳዝኖኛል፤ ወንድሜ ነው፣ ሲመጣም ቀድሜ እነግርዎታለሁ» በይ። ይቅርታ አትጠይቂ፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር አላደረግሽም።

ከሰሙ ጥሩ። ካልሰሙ ውልሽ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ጠብቀሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። አስራ ምናምን ሰዓት ቆማ በሽተኛ ስታስታምም የዋለች ሴት የራሷ በር ላይ ስትደርስ ልቧ መምታት የለበትም።

ጥያቄ፦ እህት ዓለም፣ 33 ዓመቴ ነው። ለአምስት ልጆች ሦስተኛ ነኝ። አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ለብቻዬ ነው የምኖረው። ደመወዜ መጥፎ አይደለም፤ ግን አንድም ብር የለኝም። የታናሽ እህቴን የኮሌጅ ክፍያ እኔ ነኝ የምከፍለው፣ የአባቴን መድኃኒት እኔ ነኝ የምገዛው፣ ታላቅ ወንድሜ ልጁ ክርስትና ሲነሳም የበጉን ከኔ ነው የወሰደው። እምቢ ስል «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን ወጪ አለብሽ?» ይለኛል። እንዳልከራከረው እውነት ይመስለኛል። ቤቴ ውስጥ እስካሁን አልጋ የለኝም። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፌ ነው የምተኛው፤ ሳገባ አብረን እንገዛለን ብዬ። ምን ልበል ለወንድሜ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አልጋ ግዢ። ለወንድምሽ የምትይውን ቀጥዬ እነግርሻለሁ።

በዚህ ወር ደመወዝሽ ሲገባ፣ ለማንም ሳትልኪ፣ ሰፈርሽ ያለ እንጨት ቤት ሂጂና ተደራደሪ፣ ወይም ደህና ያገለገለ ፈልጊ። ጥሩ አልጋ። ሁለት ትራስ። መጋረጃም ከሌለሽ መጋረጃ። የ33 ዓመት ሴት ለማይታወቅ ሰው ብላ መሬት ላይ ስትተኛ መስማት አልችልም። ነገ ብታገቢ አልጋው ይሸጣል ወይ አብሮሽ ይሄዳል፤ የሚጠፋ ነገር የለም። እስከዚያ ድረስ ግን ወገብሽ ያንቺ ነው።

ወንድምሽ የሚልሽ እውነት አይደለም። ቁጠሪው። ያገባ ሰው ኪራይን ለሁለት ይከፍላል፤ አንቺ ለብቻሽ። ባል ያላት ሥራ ብታጣ ሌላ ደመወዝ ቤቱ ውስጥ አለ፤ አንቺ ሥራ ብታጪ በሚቀጥለው ወር ኪራይ የሚከፍልልሽ የለም። ብትታመሚ፣ ብታረጂ፣ እስካሁን ተስፋ የምታደርጊው የራስሽን ነው። ለብቻ የሚኖር ሰው ወጪው ትንሽ ነው የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ትክክል የሚመስለው ለማያወጣው ሰው ብቻ ነው።

ቤተሰብ አትርጂ አልልሽም። የአባትሽን መድኃኒት ማቋረጥ አይቻልም፤ የእህትሽም ትምህርት እዳር መድረስ አለበት። እነዚህን ሁለቱን ያዢ። ለነሱ የሚሆነውን ደመወዝ በገባ ቀን በቴሌብር ላኪና ጨርሺ። ከዚያ ውጪ ያለው፣ ክርስትናው፣ የበጉ፣ የስልክ መግዣው፣ የወንድምሽ የራሱ ጉዳይ ነው። ለምን እምቢ እንዳልሽ ረጅም ማብራሪያ አትስጪ፤ ማብራሪያ ክርክር ይጠራል። «የዚህ ወር አልቋል ወንድሜ» በቂ ነው። ይቆጣል። ይቆጣ። ደግሞ አንድ ቀን ሁላችሁንም ሰብስበሽ የአባታችሁ መድኃኒት በአምስት ይካፈል በይ፤ አባት የሁላችሁም ነው። አምስቱም እኩል ባይችሉ እንኳን ማን ስንት እንደሚያዋጣ ሁሉም ይወቅ።

ለራስሽ የምታስቀምጪውን ደግሞ ከወር መጨረሻ ላይ አትጠብቂ፤ መጨረሻ ላይ ምንም አይተርፍም። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ወይ ሰፈር ውስጥ የሚታመን ዕቁብ ግቢ፤ «ዕቁብ አለብኝ» የሚለው ቃል ዘመድ የሚያከብረው ምክንያት ነው፣ «እየቆጠብኩ ነው» ብትይ ግን «አበድሪኝ» ይሉሻል። የጡረታሽንም ነገር አጣሪ። ለግል ድርጅት የምትሠሪ ከሆነ ከደመወዝሽ 7 በመቶ ተቆርጦ ቀጣሪሽ 11 በመቶ ጨምሮ በስምሽ ማስገባት አለበት። ብዙ ሰው በርግጥ ገብቶለት እንደሆነ ሳይጠይቅ ዓመታት ያልፋሉ። ጠይቂ።

እና ዕድር። ላጤ ሆነው ዕድር የሚገቡ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ዕድር የባለትዳር ወይም የወላጅ ጉዳይ ይመስላቸዋል። ብሎካችሁ ወይም ሰፈራችሁ ዕድር ካለው ተመዝገቢ፤ ወርሃዊ መዋጮው ብዙ አይደለም። አባትሽ ታመው ነው ብለሻል። እግዜር ያቆያቸው፤ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ አያት ውስጥ ደጅሽ ላይ ድንኳን የሚተክልልሽ፣ ንፍሮ የሚቀቅልልሽ፣ ለቅሶ የሚቀመጥልሽ ሰው ያስፈልግሻል። ይሄንን ባል አያመጣልሽም። ያገቡትም ያገኙት በዕድር ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፍልሽ፣ ያስጻፍኩትም የጎረቤቴን ልጅ ነው። አዲስ አበባ የምትሠራ የ30 ዓመት ልጅ አለችኝ። ለብቻዋ ነው የምትኖረው። በየበዓሉ ስትመጣ መቼ ነው የምታገቢው እላታለሁ፤ ሰውም እኔን ይጠይቀኛል። ባለፈው ፋሲካ ሥራ አለብኝ ብላ ቀረች። እኔ ግን ሥራ አይደለም እላለሁ። አንድ ነገር ሆናብኝ ይሆን? ምን ልበላት?

መልስ፦ እናቴ፣ ደብዳቤዎ አንጀቴን በላው። ስላስጻፉም አመሰግንዎታለሁ።

ልጅዎ ምንም የሆነች አይመስለኝም። የቀረችው ጥያቄውን ፈርታ ይሆናል። እርስዎ በዓመት ሦስት ጊዜ ይጠይቋታል፤ እሷ ግን መሥሪያ ቤት ትጠየቃለች፣ አከራይዋ ይጠይቋታል፣ ሰርግ ቤት በሄደች ቁጥር «ያንቺንስ መቼ ነው» ትባላለች። እናቷ ቤት ስትመጣ እንኳን ማረፍ ትፈልጋለች።

ሠላሳ ዓመት ብዙ መስሎ እንደሚታይዎት ይገባኛል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት የአገራችን ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት አካባቢ ወይም ከዚያ ቀድመው ነው ያገቡት። አዲስ አበባ ላይ ግን ይሄ መካከለኛ ዕድሜ ወደ 24 ይጠጋል። ግማሾቹ ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው የሚያገቡት። ልጅዎ ያለችበት ከተማ ሌላ ነው፤ በመሥሪያ ቤቷ እንደሷ ያሉ ብዙ ይኖራሉ። ሰው ቢጠይቅዎት «ልጄ ደህና ነች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ እግዜር ያለው ቀን ይመጣል» ይበሉና ወሬውን ይቀይሩ። ለጎረቤት መልስ ለመስጠት ብለው ልጅዎን አያስጨንቋት።

ምን ልበላት ላሉኝ፣ ስለ ሌላው ኑሮዋ ይጠይቋት። ምን ትበያለሽ? ሥራሽ እንዴት ነው? ጎረቤቶችሽ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? አብዛኛው እናት የልጁን ቤት ሳያይ ነው የሚጨነቀው። እርስዎ ይሂዱና ይዩት። በዓል እስኪደርስ አይጠብቁ፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በጊዜ ከተነሱ ለምሳ ላምበረት ይደርሳሉ፣ ወጥታ ትቀበልዎታለች። በሶና ቆሎ ይያዙላት፣ ቅቤም ካለ ትንሽ። እሑድን አብረው ይዋሉ፣ ሰኞ ሥራ ስትገባ ይመለሱ። የትዳሩን ነገር በዚያ ጉዞ አያንሱት። እሷ ካነሳችው ያዳምጧት።